መሬት መሬት የሚያየው መንኮራኩር

ባይሳክ 8

ሙቀት። የባይሳክ ወር እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ፣ ዞረ ዞረና ሳያዘንብ ሄደ። በከተማችን በፓታን ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። የዝናቡ አምላክ ሠረገላ ለዓመቱ በዓል ሳይወጣ ዝናብ የለም ነው ነገሩ።

ልጄ ሉመንቲ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የአገራችንን፣ የሂንዱንና የቡድሃን ምልክቶች ከነትርጉማቸው ጽፋችሁ አምጡ ተብለዋል። ባንዲራችን ላይ ያሉት ጨረቃና ፀሐይ፣ ላሟ፣ የሎተስ አበባ፣ በር ላይ የምንሥለው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ... መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በሠረገላው መንኮራኩር ላይ ያለው ዓይን ትርጉሙ ምንድን ነው? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሄን ሁሉ። መምህሯስ ራሷ ታውቀው ይሆን?

«አያትሽን ጠይቂ» አልኳት። አባቴ፣ አባባ፣ ዕድሜ ልካቸውን ይሄንኑ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ይዣት ሄድኩ።

ጨረቃና ፀሐዩን ባንድ ትንፋሽ ጨረሱላት። «እነሱ እስካሉ አገሩም ይኑር ማለት ነው።» ኮከቡንም፤ «ሽቅብ የሚያየው ሦስት ማዕዘን ወንድ፣ ቁልቁል የሚያየው ሴት። ሲተቃቀፉ ነው ዕውቀት የሚወለደው።» ሉመንቲ አፍራ ሳቀች። ዓይኑ ላይ ሲደርሱ ግን «እሱን ሌላ ቀን» አሉ። ከዚያ ሻይ ሊቀዱ ማንቆርቆሪያውን አነሱና... ከስኒው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቀዱት። ያወቁት ድምፁን ሲሰሙ ነው።

የዓይን ሞራው ብሷል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለመንኮራኩር ዓይን የሚሥል ሰው ራሱ አያይም ቢባል ምን ይውጣቸዋል? «ከበዓሉ በኋላ እታከማለሁ» ነው መልሳቸው። ሁሌ ከበዓሉ በኋላ።

ማታ ቤካ ፊቱ በርቶ ገባ። «የፊት ግራውን መንኮራኩር ሰጡኝ» አለ፣ ሹመት እንዳገኘ ሰው። አማቴ፣ የቤካ እናት፣ የያዙትን ሳህን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ባሌ ነው፣ ደስ ብሎታል፣ ምን ልበለው? የፊት ግራው የዳሲካጂ ነበር። አምና መታጠፊያው ላይ መንኮራኩሩ ወጣበት። ሬሳውን ወንዝ ዳር ሊያቃጥሉ ሲወስዱት ፊቱን አላሳዩንም።

ባይሳክ 9

ስለ ሽብልቅ ማሰብ ማቆም አቃተኝ። ሠረገላው ማለት ፎቅ የሚያህል የሸምበቆ ማማ፣ አራት የእንጨት መንኮራኩር፣ ፍሬን የለ ምን የለ። ሕዝቡ በገመድ ይጎትታል። ማቆም ወይ ማጠፍ ሲያስፈልግ አንድ ሰው ይሮጥና፣ ጎንበስ ብሎ ከመንኮራኩሩ ሥር ሽብልቁን ይሸጉጣል። ከዚያ እጁን ቶሎ ይስባል። ካልሳበስ? ያ ሰው ከዘንድሮ ጀምሮ ባሌ ነው። የአባቱም የአያቱም ሥራ ስለሆነ እምቢ ማለት የለም።

«የፈራ ሰው ሽብልቅ አይዝም» ይላል ቤካ። እኔ ደግሞ የሚያስፈራኝ የሱ አለመፍራት ነው።

ባይሳክ 12

አባባ አስጠሩኝ። «ነገ ጠዋት ቀለም ያዢልኝ።» ድሮ ቀለም የሚይዝላቸው ወንድሜ ነበር፤ አሁን ኮሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። «ቀለም መያዝ ብቻ ነው አይደል?» አልኩ። «ታዲያ ሌላ ምን ኖሮ?» አሉ። ድምፃቸው ግን ደስ አላለኝም።

ባይሳክ 13

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሠረገላው ጎዳናው ዳር ቆሟል፣ ማማው ገና ግማሽ ነው። ዓይን ሲሣል ሰው ስለማያይ መንኮራኩሮቹን በነጭ ጨርቅ ጋርደውልን ሄዱ። ጨርቁ ውስጥ አባባና እኔ ብቻ። የቀኙን ሁለቱን በልማድ ሠሩ። በግራ እጃቸው ጠርዙን ይዳስሳሉ፣ በቀኝ እጃቸው ይሥላሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ዓይን፤ ብሌኑ መሐል ለመሐል፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ። የኋላ ግራውንም እንደምንም ጨረሱ። የፊት ግራው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ፀሐይ ወጥታ ጨርቁ ቦግ ብሏል፤ ነጭ በነጭ ሆነባቸው።

«ናኒ... አይታየኝም።»

«ትንሽ ይረፉ።»

«በዕረፍት የሚሆን አይደለም። እንኪ።» ብሩሹን ዘረጉልኝ።

በእኛ ወግ ሴት ዓይን አትሥልም። ያገባች ሴትማ ጭራሽ፤ ያውም ከሠዓሊ ቤት ወጥታ ገበሬ ያገባች። ቤካን አገባለሁ ያልኩ ቀን «ከዛሬ ወዲያ እጅሽ የዚህ ቤት እጅ አይደለም» ያሉኝ እኮ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ሌላ ሰው...»

«ማንን? ካህኑ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ፍጠኚ።»

ወሰድኩ። ሦስቱንም ሣልኩ። ከአራቱ መሐል የቤካን መንኮራኩር። ስሥል የሚታየኝ እጁ ነው... ሽብልቁን የያዘው እጁ፣ መሬት ለመሬት። ጨርሼ ወደኋላ ስል ነው ያየሁት። ብሌኖቹ መሐል የሉም። ሦስቱም ወደ ጠርዙ ወርደዋል። መንኮራኩሩ ሲሽከረከር ታች የደረሰው ዓይን ሁሌ መሬት መሬት ያያል ማለት ነው።

አስቤ ነው? ሳላስብ? አሁን ስጽፍም አላውቅም። ላስተካክል ጨርቅ ሳነሳ ካህኑ መጋረጃውን ገለጠ። «እጅዎ ዛሬም አልደከመም» አላቸው አባባን፤ ሩዝና ቀይ ዱቄት በተነ። አለቀ። የተገለጠ ዓይን አይነካም።

ባይሳክ 14

ጥፍሬ ሥር ጥቁር ቀለም ገብቷል። በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት። እምቢ አለ። ቤካ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ። «የድስት ጥቀርሻ ነው» አልኩት።

ባይሳክ 16

ዛሬ ሠረገላው ለመጀመሪያ ቀን ተጎተተ። ከጣሪያ ሆነን አየን፤ እኔ፣ ሉመንቲ፣ አማቴ፣ ጎረቤታችን ዲልማያ። ዲልማያ ልብስ ሰፊ ናት፣ የተጣመመ ስፌት ከመንገድ ማዶ ሆና ታያለች። ቤካ ሽብልቁን ታቅፎ ከመንኮራኩሩ ፊት ፊት ይሮጣል። ከላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በጣም ትንሽ።

«የፊት ግራው ምን ሆኖ ነው መሬት መሬት የሚያየው?» አለች ዲልማያ።

«የቱ?» አልኩ።

«ያውልሽ። ሌሎቹ ቀጥ ብለው ያያሉ። ይሄ አቀርቅሮ የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስላል።» ትንሽ ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ብቻ ሰው ፈልጎ እንዳይሆን።»

አማቴ ጸሎታቸውን አቆሙ። ዲልማያን ከጣሪያው ብወረውራት ደስ ባለኝ።

ግን እውነቷን ቢሆንስ? እኔ የቤካን እጅ እንዲያይለት ብዬ ነው... ብዬ ከሆነ። በማየትና በመፈለግ መሐል ያለውን ልዩነት ለእንጨት ማን ይነግረዋል?

ባይሳክ 17

ሉመንቲ የቤት ሥራዋን ይዛ ሰፈሩን አዳረሰችው። ስለ ዓይኑ ሦስት መልስ ይዛ መጣች።

ዲልማያ፦ የባይራብ ዓይን ነው። ባይራብ ቁጡ አምላክ ነው፤ ካየሽ ሊቀጣሽ ነው።

ግቢው ውስጥ ያሉት የቡድሃ መነኩሴ፦ የርኅራኄ ዓይን ነው። ሁሉን ያያል፣ ለሁሉም ያዝናል።

ቤካ፦ መንገዱን እንዲያይ ነዋ። ዕውር ሆኖ ሰው ላይ ቢወጣስ?

«እማ፣ አንቺስ?» አለችኝ። ምስሩ አረረ ብዬ ተነሳሁ። ምስሩ አላረረም ነበር።

ባይሳክ 20

ሠረገላው ዘመመ። ገበያው አደባባይ ላይ፣ ወደ ግራ። ማማው ጣሪያ ላይ ሊጋደም ትንሽ ነው የቀረው። ሰው አልተጎዳም። በገመድ እየጎተቱ እስኪያቃኑት ዋለ። ዝናብ የለም። ወሬው ግን ዘነበ፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር «ያ የሚያቀረቅረው ዓይን...» ይላሉ። ስገባ ተራ ለቀቁልኝ። የፊት ግራው ሰው ሚስት ስለሆንኩ አዘኑልኝ። ማዘናቸው ከሁሉም ባሰብኝ።

ባይሳክ 21

ካህኑ አባባን አስጠርቶ ጠየቃቸው። እኔ ነኝ እጃቸውን ይዤ የወሰድኳቸው።

«ይሄን ዓይን እርስዎ ነዎት የሣሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አቀረቀረ?»

«አምላኩ ይወቅ። እጄን የሚመራው እሱ ነው።»

ስንመለስ መንገድ ላይ «እንዴት ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላዩትማ። ነገርኳቸው፤ ብሌኖቹ ወደ ጠርዙ ወርደዋል አልኩ። ቆሙ። የሚገሥጹኝ መስሎኝ ነበር። ክርኔን ጠበቅ አድርገው ያዙኝና «ለማንም እንዳትናገሪ» ብቻ አሉ። ምነው በተቆጡኝ። እሳቸውም ፈርተዋል።

ሴት መሣሏ ቢታወቅ ጉዞው ይቆማል። ሠረገላው እንደገና ይነጻል፣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሩዝ ሳይተከል ይቀራል፤ የአባባ ስም ደግሞ ያልቃል። ባይታወቅ ቤካ በየቀኑ ከዚያ ዓይን ፊት ይሮጣል። የቱን ልምረጥ? እየመረጥኩም አይደለም፤ ዝም ብዬ ቀኑ እንዲያልፍ እየጠበቅኩ ነው።

ባይሳክ 24

ልነግረው ነበር። እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠብኩለት «ቤካ» አልኩ። «እ?» አለ። ቀና ስል እየሳቀ ነው።

«ቺሪካጂን አላየሽውም» አለ። ቺሪካጂ የሽብልቅ ሰዎቹ አለቃ ነው። «ያ ሁሉ ጢም ይዞ ፈርቷል። በግራ ያላችሁ፣ ዓይኑ ታች ሲደርስ እንዳትጎነበሱ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ ብሎ አዘዘን። እኛ አሁን እንደ ሙሽራ ዓይን ዓይኑን እያየን ነው የምንሠራው።»

«አንተስ? ትጠብቃለህ?»

«ምን ላድርግ፣ አለቃ ነው።»

«ማልልኝ።»

ሳቁን አቆመ። ትክ ብሎ አየኝ። «ምን ሆነሻል አንቺ ሰሞኑን?»

«ምንም። ማልልኝ ብቻ።»

በሉመንቲ ማለልኝ። እኔ ግን ሳልነግረው ቀረሁ።

ባይሳክ 26

ነገ የሴቶች ቀን ነው። ያንን መንገድ ሠረገላውን የምንጎትተው እኛ ሴቶች ብቻ ነን፤ ወንድ ገመድ አይነካም። ሽብልቁ ግን የወንዶቹ ነው።

ስለዚህ ነገ እኔ እጎትታለሁ፣ ባሌ ከሥር ይሆናል።

አማቴ «አመመኝ በይና ቅሪ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ግን ቀይ ጥለት ያለውን ጥቁር ልብሳቸውን አውጥተው ሰቅለዋል። «እርስዎስ?» አልኳቸው። «እኔማ ልጄ ነው። ካልጎተትኩ ማን ለቀቅ እንደሚያደርግ፣ ማን እንደሚስብ እንዴት አውቃለሁ?» እኔም እሄዳለሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ጩኸት ከምሰማ...

ባይሳክ 27

ሆስፒታል ነን።

ባይሳክ 28

ቤካ ተኝቷል። መጻፍ አለብኝ፤ አለበለዚያ እዚያው ገመዱ ላይ እንደቀረሁ ነኝ።

እኔና አማቴ ግራው ገመድ ላይ ነበርን። ከፊታችን ሴት፣ ከኋላችን ሴት፣ ላብና የፀጉር ቅባት ይሸታል። የሠረገላው የፊት ምሰሶ ላይ የቆመው ሰውዬ «ሃይስቴ» ይላል፤ እኛ «ሆስቴ» ብለን እንስባለን። ዞር ብዬ ቤካን ለማየት ብሞክር ሰው ነው የማየው። መጀመሪያ ሠረገላው እምቢ አለ፣ ጭራሽ የተቸነከረ። ከዚያ ድንገት ለቀቀ። ገመዱ ላላ፣ ወደፊት ወደቅን፤ ከኋላችን እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ከዚያ የወንድ ጩኸት።

አንድ ሴት «ግራው ነው» አለች።

ገመዱን አልለቀቅኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ለቀው ወደኋላ ሲሮጡ እኔና አማቴ ባዶ ገመድ ጨብጠን ቆመን ነበር። አማቴ በኃይል ጎሸም አደረጉኝ። «ሂጂ» አሉ። «እኔ አልችልም፤ አንቺ ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ።»

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ... ሰው ገፈተርኩ። መንኮራኩሩ ቆሟል። ሽብልቁ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከመንኮራኩሩ ሥር ደም አለ። ዓይኔን አላነሳሁም፤ ካነሳሁ ያንን የሣልኩትን ዓይን አያለሁ። ደሙን ብቻ እያየሁ «የት አለ?» አልኩ። ለማንም አይደለም።

«እዚህ ነኝ» አለ ቤካ።

ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ቺሪካጂ እግሩን በጥምጥሙ አስሮታል። ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቡ ተንበረከክሁና እጆቹን ያዝኩ፤ አገላብጬ አየኋቸው። ደህና ናቸው። ራሱን ዳበስኩ። ደህና ነው።

«ሥሩ ያለውን ሽብልቅ ላወጣ ልጎነበስ ስል መንኮራኩሩ ተንፏቀቀና ዓይኑ መጣ» አለኝ። «ምያለሁ አይደል፣ ጠበቅኩት። መሬቱን እያየ ሲያልፍ... ያኔ ነው መንኮራኩሩ ሽብልቁን ሰንጥቆ ዘሎ የወጣው። ጎንበስ ብዬ ቢሆን... እጄን ሰበሰብኩ፣ ራሴን ሰበሰብኩ። እግሬን ረሳሁት።»

ሁለት የእግር ጣት። ሐኪሙ አይተርፉም አለ። እኔ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ በጣቶቹ መሰለው። ለአማቴ ሄጄ «ተርፏል» ብዬ ነገርኳቸው።

የነገርኩት እዚሁ ነው፣ አልጋው አጠገብ። ሁሉንም። ጨርቁን፣ ብሩሹን፣ ድስት ያልኩትን ውሸት። «እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ሲያየኝ ፊቱ የማውቀው ፊት መሰለኝ።» ቀጥሎ ደግሞ ተቆጣ። የምር ተቆጣ። «ሞቼ ቢሆንስ? ይዘሽው ልትኖሪ ነበር?» ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ጄት 6

ወሩ ተለወጠ። ቤካ ቤት ገብቷል። ያናግረኛል፤ ግን አሳጥሮ።

ከሰዓት ቺሪካጂ ሌሎቹን የሽብልቅ ሰዎች አስከትሎ አባባ ቤት መጣ። የተቀቀለ እንቁላል፣ የደረቀ ዓሣና የሩዝ አረቄ ይዘዋል፤ ለመልካም ዕድል የሚሰጠውን። እኔም እዚያው ነበርኩ። ታወቀ አልኩ በልቤ።

«አባታችን» አለ ቺሪካጂ። «ቤካን ያተረፈው ያ የሚያቀረቅረው ዓይን ነው። ሌላው ዓይን ዝም ብሎ ፊት ፊቱን ነው የሚያየው፤ የኛን እጅ አያውቀውም። ለከርሞ አራቱንም እንደ ግራው አድርገው እንዲሥሉልን ነው የመጣነው።»

አባባ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። እሺ ይላሉ ብዬ ነበር። እሺ ቢሉ ያልፋል፤ ማንም አያውቅም። ለከርሞም ጨርቁ ውስጥ እኔ እሆናለሁ፣ ስሙ የሳቸው ይሆናል።

«ያንን እኔ አልችልበትም» አሉ። «የሠራችውን ጠይቁ።» በእጃቸው ወደኔ አሳዩ። ትንሽ ስተው በሩን ነው ያሳዩት፤ ግን ሁሉም ገባው።

አንዱ ወጣ ብሎ ሊሄድ ተነሳ። ቺሪካጂ ቀና ብሎ አየው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ቺሪካጂ እንቁላሉን ለአባባ ሊሰጥ የዘረጋውን እጅ ወደኔ አዞረ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እንቁላሉ ገና ትኩስ ነበር። ካህኑ ምን እንደሚል አላውቅም። ቺሪካጂ «እሱን ለኔ ተዉት፤ ከመንኮራኩሩ ሥር የሚገባው እሱ አይደለም» አለ።

ጄት 12

ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ፣ ጠዋትም። አባባ ለዓይናቸው ቀጠሮ ያዙ፤ በዓሉ እንኳ ገና አላለቀም።

ቤካ በከዘራ እያነከሰ ግቢውን ይዞራል። «ለከርሞ እደርሳለሁ» ይላል። የፊት ግራውን ነው የሚለው። ይቅርብህ ብለው ይሰማኛል? ዛሬ «አራቱንም አሳምረሽ ሥሪያቸው» አለኝና ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። እኔ አልሳቅኩም። አራት መንኮራኩር። ከእያንዳንዱ ፊት የሰው ባል አለ። ዘንድሮ ክፉ ቢመጣ ዓይኑ በስም የአባባ ነበር፤ ለከርሞ የኔ ነው። በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ልለማመድ ቁጭ አልኩ፤ የመጀመሪያውን ሰርዤ ሌላ ሣልኩ።

ሉመንቲ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። መምህሯ መልሳላታለች። ጨረቃና ፀሐዩ ልክ፣ ኮከቡ ልክ፣ ሎተሱ ልክ። ዓይኑ ላይ ግን «ሦስት መልስ አይሆንም፣ አንዱን ምረጪ» የሚል በቀይ ተጽፏል።

«እማ፣ የቱን ልምረጥ?»

«አያትሽን ጠይቂ።»

«አያቴ እናትሽን ጠይቂ አሉኝ።» ጋዜጣው ላይ የሣልኳቸውን ዓይኖች አየቻቸው። «አንቺ አይደለሽ የሣልሽው? ምን ብለሽ ሣልሽው?»

«ፈርቼ» አልኳት።

እርሳሷን በምራቋ አራሰችና ጻፈችው።